በ33 ዓመቱ ከልጆች ጋር የተቀመጠው ተማሪ፤ ቅዱስ ኢግናጥዮስ ዘሎዮላ

በዚህ እትማችን የምናቀርብላችሁ የቅዱስ ኢግናጥዮስ ዘሎዮላን የሕይወት ታሪክ ነው። የኢየሱስ ማኅበር መሥራችና የመንፈሳዊ ልምምድ መጽሐፍ ደራሲ መሆኑን ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ፤ በላቲን ሥርዓተ አምልኮም በዓሉ ሐምሌ 24 ቀን ይከበራል። ይሁን እንጂ ስለ እርሱ ሲነገር ብዙውን ጊዜ በአንድ ዐረፍተ ነገር ተነክቶ የሚታለፍ ዘመን አለ። ይኸውም ከ1524 እስከ 1535 ድረስ ያሉት 11 ዓመታት ናቸው (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በእነዚህ ዓመታት ቅዱሱ ሰባኪም፣ የማኅበር አለቃም አልነበረም፤ ተማሪ ነበር። ያውም ዕድሜው የገፋ፣ ኪሱ ባዶ የሆነ፣ ጨጓራው የሚያመው፣ ሐሳቡ የሚበታተንበት ተማሪ ነበር። እኛም በዚህኛው ዘመን ላይ ልንቆይ የመረጥነው ያለ ምክንያት አይደለም። በየቁምስናዎቻችን አንድ ፈተና በመውደቁ ሁሉ ነገር ያከተመ የሚመስለው ወጣት አለ። ልጆቹ እንዳያዩት ደብተሩን በጋዜጣ ጠቅልሎ ወደ ማታ ትምህርት የሚሄድ አባት አለ። ለትምህርተ ክርስቶስ መምህርነት ሥልጠና ሲጠራ ጊዜዬ አልፏል ብሎ የሚቀርም አለ። ታሪኩ ለእነዚህ ሁሉ የሚነግረው ነገር አለው ብለን እናምናለን።

ኢግናጥዮስ የተወለደው በ1491 በሰሜን ስፔን በባስክ ምድር፣ በአስፔይቲያ ከተማ አጠገብ ባለው የሎዮላ ግንብ ውስጥ ነው። የክርስትና ስሙ ኢኒጎ ይባላል። ወላጆቹ ባላባቶች ስለነበሩ ገና በወጣትነቱ በአሬቫሎ ከተማ ወደሚገኘው የንጉሡ ግምጃ ቤት ኃላፊ ቤት ተልኮ እንደ ዘመኑ መሳፍንት ልጆች አደገ። እዚያም ሰይፍ መምዘዝን፣ መጨፈርን፣ በቤተ መንግሥት ሥርዓት መናገርን፣ በገዛ ቋንቋውም አሳምሮ መጻፍን ተማረ። የእጁ ጽሑፍ የሚያምር እንደነበር ይነገርለታል። ላቲን ግን አላወቀም። በዚያ ዘመን በአውሮፓ ላቲን አለማወቅ ምን ማለት እንደነበር ለመረዳት፣ በእኛ አገር ግእዝ ሳያውቁ ለቅኔና ለመጻሕፍት ትርጓሜ ትምህርት መቀመጥን ማሰብ ይበቃል። መጽሐፉም፣ የመምህሩ ቃልም፣ ክርክሩም፣ ፈተናውም በላቲን ነበርና፤ ላቲን የሌለው ሰው ከትምህርት ቤት ደጃፍ አያልፍም ነበር።

በ1521 በግንቦት ወር በፓምፕሎና ምሽግ ከፈረንሳዮች ጋር ሲዋጋ የመድፍ አረር እግሩን መታው። የተሰበረው አጥንት በትክክል ስላልገጠመ እንደገና ተሰብሮ ተጠገነ፤ ኋላም ከቆዳው በታች ያበጠ አጥንት ቀርቶ ቅርጹን ስላበላሸበት፣ ቦት ጫማው እንዲያምርለት ሲል ብቻ በመጋዝ እንዲቆረጥለት ጠየቀ። ሰውየው ጽኑ ነበር፤ ጽናቱ ግን ገና ለከንቱ ነገር ይውል ነበር። አልጋ ላይ ወራት ባሳለፈበት ጊዜ የሚወድደውን የጀግኖች ተረት ፈልጎ ሲያጣ፣ በቤቱ የተገኙትን የክርስቶስን ሕይወትና የቅዱሳንን ገድል የሚተርኩ መጻሕፍት ማንበብ ጀመረ። የመለወጡን ነገር ሁላችንም ሰምተናል። እኛ ግን እዚህ ላይ አንዲት አነስተኛ ነገር ልናሳያችሁ እንወዳለን። ካነበበው ውስጥ ዋና ዋናውን እየመረጠ በደብተር ይገለብጥ ጀመር፤ የጌታን ቃል በቀይ ቀለም፣ የእመቤታችንን በሰማያዊ ቀለም፣ ባማረ እጅ ጽሑፍ እየጻፈ ወደ 300 ቅጠል የሚጠጋ ደብተር ሞላ። መምህር አልነበረውም፤ እንዲህ አድርግ ያለውም የለም። ዛሬ ገጹን በስልክ ፎቶግራፍ አንሥቶ መሄድ ቀላል ሆኗል፤ ሆኖም ፎቶግራፉ የሚቀመጠው ከስልኩ ውስጥ እንጂ ከአእምሮ ውስጥ አይደለም። የሎዮላው ቁስለኛ መርጦ፣ ለይቶና በእጁ ጽፎ ያነበበው ነገር አብሮት ኖረ።

ከዚያ በኋላ ያለውን በአጭሩ እንለፈው። በ1522 በሞንሴራት ገዳም በእመቤታችን ሥዕል ፊት ሰይፉን አኑሮ፣ በማንሬሳ ከተማ ለወራት በጾምና በጸሎት ቆየ፤ በ1523 ኢየሩሳሌም ደረሰ። እዚያው ኖሮ ነፍሳትን ሊረዳ ቢመኝም ቅዱሳት ቦታዎችን የሚጠብቁት የፍራንቸስካውያን አለቃ እንዲመለስ አዘዙት። በመመለሻው መንገድ ላይ ምን ላድርግ እያለ ሲያስብ፣ ነፍሳትን ለመርዳት መማር እንደሚያስፈልገው ተረዳ። ልብ እንበል፤ ለመማር የፈለገው ለሹመት ወይም ለእንጀራ አልነበረም። የሚያስተምረውን በቅጡ ሳያውቅ ሊያስተምር እንደማይገባው ስለተገነዘበ ነው።

በ1524 ባርሴሎና ሲደርስ 33 ዓመቱ ነበር። ኢዛቤል ሮሰር የተባለች ደግ ሴት ለኑሮው ልትረዳው ቃል ገባችለት፤ የላቲን ሰዋስው መምህር የነበሩት ኤሮኒሞ አርዴቮልም ያለ ክፍያ ሊያስተምሩት ፈቀዱ። እንግዲህ የትላንቱ የጦር ሰው፣ ጢሙ ያደገ ጎልማሳ፣ ገና ድምፃቸው ካልጎረነነ ልጆች ጋር ተቀምጦ እርባ ግስ ያጠና ጀመር። በግእዝ ትምህርት ያለፉ ካህናቶቻችንና ደብተራዎቻችን ይህን ያውቁታል፤ ግሱን በቃል ሳይዙ፣ ሳያወርዱና ሳያረቡ ወደ ፊት መራመድ የለም። ማስተዋል ብቻውን አያዘልቅም፤ በቃል መያዝን የግድ ይላል። በ33 ዓመት በቃል መያዝ ደግሞ በ10 ዓመት እንደ መያዝ አይደለም።

እዚህ ላይ ነው ብርቱው ፈተና የመጣው። ግሱን ሊያጠና ቁጭ ባለ ቁጥር ስለ መንፈሳዊ ነገር አዲስ አዲስ ማስተዋል፣ ጥልቅ ጣዕም፣ ታላቅ መጽናናት ይመጣበት ነበር። ሐሳቡ ከመጽሐፉ ይነሣና ወደ ሰማይ ይሄዳል፤ ሲመለስ ያጠናው ቃል ጠፍቷል። ሊያባርረው ሲሞክርም እንቢ ይለዋል። አስቡት፤ የመጣበት ሐሳብ የክፋት ቢሆን ኖሮ ፈተና መሆኑን ወዲያው ባወቀ ነበር። የመጣው ግን መልካም ሐሳብ ነው። ስለ እግዚአብሔር ማሰብ ግስ ከማጥናት አይበልጥምን? ማንስ ይህን ይነቅፋል? ቅዱሱ ግን ነገሩን በጥንቃቄ መረመረ። ሲጸልይና ሲያስቀድስ እንዲህ ያለ ብርሃን አይመጣለትም ነበር። የሚመጣው መጽሐፍ ሲገልጥ ብቻ ነበር። በጸሎት ሰዓት የማይመጣ ጸሎት፣ በጥናት ሰዓት ብቻ የሚመጣ ጸሎት፣ ከመልካሙ መንፈስ ሊሆን እንደማይችል ደመደመ።

በዚህ አላበቃም። ከመምህሩ ቤት አጠገብ ወዳለው ወደ ባሕሯ ማርያም ቤተ ክርስቲያን መምህሩን ለጥቂት ጊዜ እንዲመጡለት ለመነ። አብረው ተቀመጡ። የደረሰበትን ሁሉ፣ እስከዚያች ቀን ድረስ ትምህርቱ ስለ ምን እንዳልገፋለት ሳይደብቅ ነገራቸው። ከዚያም በባርሴሎና እንጀራና ውሃ እስካገኘ ድረስ በእነዚህ ሁለት ዓመታት ከትምህርታቸው ላይቀር ቃል ገባላቸው። ራሱ በኋላ እንደተረከው ከዚያች ዕለት ወዲህ ያ ፈተና አልተመለሰበትም። ከልጆቹ አንዱ ሲያጠፋ እንደሚቀጣው እርሱም ቢያጠፋ እንዲቀጡት መለመኑን የሕይወት ታሪኩን የጻፈው ሪባዴኔይራ ይነግረናል።

ትምህርት አልገባ ያለው ሰው ችግሩን ብቻውን ተሸክሞ ይዞራል፤ ለመምህሩ መናገር ውርደት ይመስለዋል። ቅዱሱ ያደረገው ግን ተቃራኒውን ነው። ሐሳቤ አይሰበሰብም ብሎ በግልጥ ተናገረ፤ ቀጥሎም ውሳኔውን በራሱ ልብ ብቻ ሳይተው በሰው ፊት አሠረው። ለራስ የተገባ ቃል በማግሥቱ ይቀልላል፤ ለመምህር የተገባ ቃል ግን ጠዋት ከአልጋ ይቀሰቅሳል።

ከሁለት ዓመት በኋላ ወደ ፍልስፍና ትምህርት መሻገር እንደሚችል ስለተነገረውና አንድ የትምህርተ መለኮት ሊቅም መርምሮ ይህንኑ ስለመሰከረለት በ1526 ወደ አልካላ ዩኒቨርሲቲ ሄደ። አልካላ ላይ የሆነውን ብዙ ተማሪዎቻችን በገዛ ራሳቸው ያዩት ይመስለናል። አንዱን ሳይጨርስ ሌላውን ጨመረ። የሶቶን ሥነ አመክንዮ፣ የታላቁ አልቤርቶስን የተፈጥሮ ፍልስፍና፣ የጴጥሮስ ሎምባርዶስን ትምህርተ መለኮት ሁሉንም በአንድነት ይከታተል ነበር። መሠረቱ ሳይደርቅ ግድግዳና ጣራ በአንድ ቀን ማቆም ማለት ነው። ከዚህም ጋር ልጆችን ትምህርተ ክርስቶስ ያስተምራል፣ ለሰዎች መንፈሳዊ ልምምድ ይሰጣል፣ ለድሆች ይለምናል። ነገሩ ሁሉ መልካም ነበር፤ ቀኑ ግን አንድ ነው።

ያልተማረ ሰው እንዴት ያስተምራል የሚል ጥርጣሬም ተነሣበት። በአልካላ 42 ቀን ታሰረ። ስሕተት አልተገኘበትም፤ ይሁን እንጂ እንደ ሌሎች ተማሪዎች እንዲለብስ፣ በቂ ትምህርትም ሳይማር ስለ ሃይማኖት ጉዳይ እንዳይናገር ተፈረደበት። በ1527 ወደ ሳላማንካ ተሻገረ፤ እዚያም ብዙ ሳይቆይ በሰንሰለት ታስሮ 22 ቀን በወኅኒ አሳለፈ። የተሰጠው ፍርድ ተመሳሳይ ነበር፤ በትምህርቱና በአኗኗሩ ነቀፋ ባይገኝም፣ አራት ዓመት ጨምሮ ሳይማር ከባዱንና ቀላሉን ኃጢአት ለይቶ እንዳይናገር ታዘዘ። ማንም በእርሱ ቦታ ቢሆን ተበደልሁ ብሎ ይቀመጥ ነበር። እኛም ፍርዱ ከበድ ያለ ነበር ብለን እናስባለን። ኢግናጥዮስ ግን ፍርዱ ያዘለውን እውነት ከፍርዱ ጭካኔ ለይቶ ወሰደ፤ ትምህርቱ መሠረት እንደሌለው በራሱም ያውቅ ነበርና። መጻሕፍቱን በአህያ ጭኖ ብቻውን በእግሩ ተነሣ። በባርሴሎና በኩል አድርጎ፣ በክረምት ብርድ፣ በ1528 የካቲት ወር መጀመሪያ ላይ ፓሪስ ገባ።

በፓሪስ ያደረገው የመጀመሪያ ነገር ከሁሉ ይልቅ ያስደንቀናል። ወደ 37 ዓመት የተጠጋው ይህ ሰው፣ አራት ዓመት ሲማር የቆየ፣ ሁለት ዩኒቨርሲቲ ያየ፣ ወደ ሞንቴጉ ኮሌጅ ገብቶ የላቲን ሰዋስውን ከልጆች ጋር ከመጀመሪያው ጀመረ። ሞንቴጉ በጥብቅ ሥርዓቱና በክፉ ምግቡ የታወቀ ቤት ነበር፤ ቀደም ብሎ እዚያ የተማረው ታላቁ ኤራስሙስ ከወጣ ከብዙ ዓመት በኋላ እንኳ ስለ ምግቡ ሳያማርር አልቀረም። የኢግናጥዮስ ምክንያት ግልጥ ነበር። እስከዚያ ድረስ የተማረው በጥድፊያ ስለነበረ መሠረት አልያዘለትም። በፓሪስ ደግሞ ትምህርቱ በደረጃ የተከፈለ ነበር፤ አንዱን ክፍል ያልጨረሰ ወደ ሌላው አይሻገርም፤ የተሰጠው ትምህርት ይከለሳል፤ ተማሪዎች እርስ በርሳቸው ይከራከራሉ። ወደ ኋላ መመለሱ እንደ ኪሣራ አልተቆጠረለትም፤ እርሱም እንደዚያ አልቆጠረው።

ገንዘቡ ግን ወዲያው አለቀበት። ከባርሴሎና በሐዋላ የተላከለትን 25 ኤስኩዶ አብሮት ለሚያድር ለአንድ የአገሩ ልጅ በአደራ ቢሰጠው፣ ሰውየው በአጭር ጊዜ ውስጥ አጠፋው፤ የሚከፍለውም አልነበረውም። የዐቢይ ጾም ሲያልቅ ኢግናጥዮስ ለልመና ተዳረገ፤ ማደሪያም ስላጣ ከኮሌጁ ርቆ በሚገኘው በቅዱስ ያዕቆብ የነዳያን መጠለያ ተጠጋ። የመጠለያው በር ጠዋት የሚከፈተው ጎሕ ሲቀድ፣ ማታ የሚዘጋው በምሽቱ ደወል ነበር። የኮሌጁ ትምህርት ደግሞ ከጎሕ በፊት ይጀመርና ከምሽቱ ደወል በኋላ ያልቃል። እንግዲህ መጀመሪያውም መጨረሻውም ያመልጠዋል፤ የቀረውን ቀን ደግሞ ልመናው ይበላበታል። እንጀራ በአኩፋዳ እየለመነ፣ ከውሻ እየተከላከለ፣ ማታ ቃሉን የሚያጠናውን የቆሎ ተማሪያችንን የሚያስታውስ አንባቢ አይሳሳትም። የአንድ መምህር አገልጋይ ሆኖ ለመማርም ብዙ ፈለገ፤ የሚቀበለው ግን አላገኘም።

በመጨረሻ አንድ የስፔን መነኩሴ ብልሃት አመለከተው። በየቀኑ ጥቂት ጥቂት እየለመነ ትምህርቱን ከሚያጣ፣ በዓመት አንድ ጊዜ ወደ ፍላንድርስ ሄዶ የስፔን ነጋዴዎችን ለምኖ የዓመቱን ስንቅ ይዞ ቢመለስ ሁለት ወር እንኳ አይጠፋበትም አለው። ይህን ተቀብሎ በ1529 እና በ1530 ወደ ፍላንድርስ፣ በ1531 ደግሞ እስከ እንግሊዝ ድረስ ሄደ፤ ከእንግሊዝም ካለፉት ዓመታት የበለጠ ይዞ ተመለሰ። ከዚያ በኋላ ነጋዴዎቹ ራሳቸው ይልኩለት ጀመር። በዚህ ዓይነት ጥያቄው ጊዜ ከየት ይገኛል የሚል እንጂ ገንዘብ ከየት ይገኛል የሚል ብቻ እንዳልነበረ እናያለን። ችግሩን በዓመቱ ውስጥ በትኖ ከመሸከም በአንድ ወቅት ሰብስቦ ተሸከመው፤ የቀረው ጊዜ ለትምህርት ነጻ ወጣለት።

ያ ገንዘቡን ያጠፋበት ሰውስ? ወደ አገሩ ሊሄድ ሲል በሩዋን ከተማ ታሞ ወደቀ፤ ለኢግናጥዮስም ደብዳቤ ላከበት። ቅዱሱ ባዶ እግሩን፣ ሳይበላና ሳይጠጣ፣ 28 ሊግ መንገድ በሦስት ቀን ተጉዞ ደረሰለት፤ አጽናናው፣ መርከብም አሳፈረው። ይህ የጥናት ብልሃት አይደለም። ነገር ግን ተማሪው ምን ዓይነት ሰው እንደነበረ እንዳንረሳ አስገባነው።

በ1529 መስከረም ካለፈ በኋላ ወደ ቅድስት ባርባራ ኮሌጅ ተዛውሮ በመምህር ሁዋን ጴኛ ሥር ፍልስፍና ጀመረ። ያደረበት ክፍል ውስጥ ሁለት ወጣቶች ነበሩ፤ ጴጥሮስ ፋቭርና ፍራንቸስኮስ ዛቪየር። ሁለቱም በ1506 የተወለዱ ስለሆኑ 23 ዓመታቸው ነበር፤ እርሱ 38። ፋቭር በሳቮይ ተራሮች የበግ እረኛ የነበረና በልጅነቱ ትምህርት ቤት ላኩኝ ብሎ ያለቀሰ ልጅ ነበር። አሁን የተመሰገነ ተማሪ ሆኗል። መምህሩም ትምህርቱን ለኢግናጥዮስ እንዲከልስለት አዘዙት። በዕድሜ 15 ዓመት የሚያንሰው ልጅ አስጠኚው ሆነ ማለት ነው። ፋቭር አሪስጣጣሊስን ያስረዳዋል፤ ኢግናጥዮስ ደግሞ ፋቭርን ያስጨንቀው ከነበረው የኅሊና ጥርጣሬ ያወጣዋል። እያንዳንዱ ያለውን ሰጠ፤ ከዚህም ወዳጅነት ተወለደ። ዛቪየር ለረጅም ጊዜ ፊቱን ነሥቶት ነበር። እርሱን መመለስ ዓመታት ፈጅቷል።

ፍልስፍናውን ሲጀምር የባርሴሎናው ፈተና ተመልሶ መጣ። ትምህርቱን ሲሰማ መንፈሳዊ ሐሳብ እየመጣ ጆሮውን ይደፍንበት ጀመር። አሁን ግን በሽታውንም መድኃኒቱንም ያውቃል። ወደ መምህር ጴኛ ሄዶ ለኑሮው እንጀራና ውሃ እስካገኘ ድረስ ከትምህርቱ ላይቀር እንደ ቀድሞው ቃል ገባ፤ ሐሳቡም ጸጥ አለ። በዚህ ጊዜ ከሰው ጋር ስለ መንፈሳዊ ነገር የሚያደርገውን ውይይት እንኳ ቀነሰ። ዶክተር ፍራጎ የተባሉ ወዳጁ ማንም ሳይነካው በሰላም መኖሩን ሲያደንቁ፣ ምክንያቱ ስለ እግዚአብሔር ነገር ለማንም አለመናገሩ እንደሆነ፣ ትምህርቱ ሲያልቅ ግን ወደ ቀድሞው እንደሚመለስ መለሰላቸው።

ይህን ጥንቃቄ ያስተማረው የራሱ ልምድ ብቻ አልነበረም። በዚያው በ1529 መንፈሳዊ ልምምድ ያደረጉለት ሦስት ስፔናውያን ተማሪዎች ልባቸው ነድዶ ያላቸውን ሁሉ፣ መጻሕፍታቸውን ጭምር ለድሆች ሰጥተው በቅዱስ ያዕቆብ መጠለያ ገብተው መለመን ጀምረው ነበር። ጓደኞቻቸው መሣሪያ ይዘው መጥተው በኃይል አወጧቸው፤ በመጨረሻም አስቀድመው ትምህርታቸውን እንዲጨርሱ፣ ከዚያ በኋላ ያሰቡትን እንዲያደርጉ ተስማሙ። ከሦስቱ አንዱ የቅድስት ባርባራ ተማሪ ነበርና የኮሌጁ አለቃ ኢግናጥዮስን በተማሪዎች ፊት አስገርፋለሁ ብለው እስከ መዛት ደርሰው ነበር። ቅንዓት ትልቅ ስጦታ ነው። መጻሕፍቱን ከሰጠ በኋላ ምን እንደሚያጠና ያላሰበ ቅንዓት ግን ተማሪውንም ሊረዳ ያሰበውን ሕዝብም ይጎዳል። በሐዋርያዊ ሥራ የተጠመዱ ወጣቶቻችን የፈተና ሳምንት ሲደርስ ይህን እንዲያስቡ እንወዳለን፤ የመዘምራኑ አለቆችም እንዲሁ።

ኢግናጥዮስ በ1532 የመጀመሪያ ዲግሪውን፣ በ1533 ሊሰንስየት የሚባለውን ማዕረግ ተቀበለ፤ የማስተርነቱ የምስክር ወረቀት በ1535 ተጻፈለት። ዕድሜው ከ40 አልፎ ነበር። ለመጀመሪያው ዲግሪ የሚጠየቀው ክፍያ አንድ የወርቅ ኤስኩዶ ነበረና ድሀ በመሆኑ ልክፈል ወይስ ልተወው እያለ ተጨነቀ፤ ለመምህሩ ትቶላቸው፣ በምክራቸውም ወሰደው። የትምህርተ መለኮትን ትምህርት በዶሚኒካውያን ዘንድ ተከታተለ። በ1534 ነሐሴ ወር፣ በፍልሰታ ለማርያም በዓል፣ በሞንማርትር ኮረብታ ላይ ባለች ትንሽ ቤተ ክርስቲያን ከስድስት የትምህርት ጓደኞቹ ጋር ስእለት አደረገ፤ በዚያን ጊዜ ካህን የነበረው ፋቭር ብቻ ስለሆነ የቀደሰውም እርሱ ነው። ዛቪየርም በመካከላቸው ነበር። በኋላ ዓለምን ያዳረሰው ማኅበር የተጠነሰሰው እንግዲህ በአንድ የጥናት ክፍል ውስጥ ነው።

በ1535 የሆድ ሕመሙ ስለ ጸናበት ሐኪሞቹ ወደ አገሩ አየር መልሰው ላኩት። ከሞተ በኋላ አስከሬኑ ሲመረመር የሐሞት ጠጠር ተገኘበት፤ ያን ሁሉ ዓመት ያን ሥቃይ ተሸክሞ ኖሯል። በማንሬሳ ያለ ልክ መጾሙና እንቅልፍ መንፈጉ ሰውነቱን እንደጎዳው ራሱም አልካደም። በ1537 ሰኔ ወር በቬኒስ ክህነት ተቀበለ፤ በ1540 ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጳውሎስ ሣልሳዊ የኢየሱስን ማኅበር አጸደቁ።

አሁን ያ ሽማግሌ ተማሪ የሌሎች ተማሪዎች አባት ሆነ፤ ለእነርሱም ሕግ ሲጽፍ በራሱ የደረሰውን ሁሉ አሰበ። የማኅበሩን ሕገ ደንብ አራተኛ ክፍል ያነበበ ሰው የባርሴሎናን፣ የአልካላንና የፓሪስን ጠባሳ ያገኝበታል። ተማሪ ስለ እንጀራው እንዳይጨነቅ ኮሌጁ ቋሚ ገቢ እንዲኖረው አዘዘ፤ ለራሱ ለማኅበሩ ቤቶች ግን ድህነትን መረጠ። አስቀድሞ በላቲን ሳይበስሉ ወደ ፍልስፍና፣ ፍልስፍናን ሳይጨርሱ ወደ ትምህርተ መለኮት እንዳይሻገሩ፣ የተማሩትን እንዲከልሱ፣ በክርክርም እንዲለማመዱ ደነገገ። ለጤና የማይመች ሰዓት እንዳይጠና፣ እንቅልፍ እንዳይጓደል አሳሰበ። ከሁሉ የሚያስገርመው ደግሞ ስለ ጸሎት ያለው ነው። ይህ ሲቀድስ እንባው የማይቆም የጸሎት ሰው፣ ተማሪዎቹ በረጅም ጸሎትና በብርቱ ትኅርምት ትምህርታቸውን እንዳያደናቅፉ ከለከለ። ቅዳሴ፣ የተወሰነ ጸሎትና የኅሊና ምርመራ ይብቃቸው፤ ከዚያ በቀር በጉዞም፣ በንግግርም፣ በትምህርትም እግዚአብሔርን መፈለግ ይልመዱ አለ። በ1547 በፖርቱጋል በኮይምብራ ያሉ ተማሪዎች ከልክ ባለፈ ትጋት ራሳቸውን ሲጎዱ በሰማ ጊዜም ረጅም ደብዳቤ ጽፎ፣ ትጋታቸውን እያመሰገነ ልክ እንዲያበጁለት መከራቸው።

በ1548 በሲሲልያ በመሲና፣ በ1551 በሮም ኮሌጆች ተከፈቱ። የትምህርቱ ሥርዓት የፓሪሱ ነበር። የሮሙ ቤት በደጃፉ ላይ በሰሌዳ ያስነገረው ሰዋስው፣ ሥነ ጽሑፍና ትምህርተ ክርስቶስ በነጻ እንደሚሰጡ ነው፤ ያለ ክፍያ ያስተማሩትን የባርሴሎናውን መምህር ያልረሳ ሰው ሥራ ይመስለናል። በሞተ ጊዜ የማኅበሩ ኮሌጆች ከ30 በላይ ነበሩ።

የእኛም አገር በሐሳቡ ውስጥ ነበረች። በእነዚያ ዓመታት ኢትዮጵያዊው መነኩሴ ተስፋ ጽዮን በሮም በቅዱስ እስጢፋኖስ ገዳም ተቀምጦ ሐዲስ ኪዳንን በግእዝ ያሳትም ነበር፤ ኅትመቱ በ1548 እና በ1549 ወጣ። ኢግናጥዮስም በ1555 ለዐፄ ገላውዴዎስ ደብዳቤ ጻፈ፤ ለኢትዮጵያ ፓትርያርክ ተብለው ለተሾሙት ለኑኔዝ ባሬቶም ዝርዝር መመሪያ ሰጠ። ያ ተልእኮ በኋላ ያስከተለው ክርክርና ሐዘን ለብቻው የሚጻፍ ታሪክ ነው፤ እኛም እዚህ አንገባበትም። ከመመሪያው መካከል ግን ለልጆች ማንበብና መጻፍ የሚማሩባቸው ብዙ ትምህርት ቤቶች በአገሪቱ እንዲከፈቱ፣ ብሩህ አእምሮ ያላቸው ወጣቶችም ወደ ጎዋ፣ ወደ ኮይምብራና ወደ ሮም ሄደው ተምረው እንዲመለሱ የሚል ይገኛል።

ኢግናጥዮስ በ1556 በአውሮፓውያን ሐምሌ 31 ቀን ማለዳ በሮም ዐረፈ። ከመልእክተኞቹ አንዱ የሆኑት ጳጳስ አንድሬያስ ኦቪዬዶ የኢትዮጵያን ምድር የረገጡት በማግሥቱ ዓመት በ1557 ነው። ፓትርያርኩ ኑኔዝ ባሬቶ ግን ኢትዮጵያን ሳያዩ በ1562 በጎዋ ሞቱ። በ1622 ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጎርጎርዮስ ዐሥራ አምስተኛ ኢግናጥዮስንና ዛቪየርን በአንድ ቀን ቅዱሳን ብለው አወጁ። አስጠኚው ፋቭር እስከ 2013 ድረስ ቆየ፤ በዚያ ዓመት በታኅሣሥ ወር ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ ከሁለቱ የክፍል ጓደኞቹ ጋር በቅዱሳን መዝገብ አስገቡት።